ኦቦ ዳዲ ከጠፈር የተመለሱትን ያዩበት ዕለት

ቡራዩ፣ የእኛ ሰፈር ውስጥ፣ ዲሽ ያስተከለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው አንድ ዓይነት ነገር ነበር፤ አየር ላይ የሚንሳፈፍ ሰው። ዜና አይደለም፣ ድራማ አይደለም፣ መዝሙርም አይደለም። ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ጥርሱን የሚቦርሽ፣ ወይም ከእጁ ያመለጠች የውሃ ጠብታ በአፉ የሚያሳድድ ሰው።

ይህን ያደረገው ዋቆ ነው። ዋቆ ዳዲ የሰፈራችን ዲሽ ሠሪ ነበር። ሌሎቹ ዲሽ ሠሪዎች ሳህኑን ካቆሙ በኋላ በዜና ወይም በዘፈን ጣቢያ ይሞክሩታል። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ጠፈር ብቻ የሚያሳይ አንድ የውጭ ጣቢያ ነበረው። በዚያ ሳይሞክር ከጣሪያ አይወርድም። ባለቤቶቹ ሲቸኩሉበት «መጀመሪያ ሩቁን እዩ፤ ቅርቡ የትም አይሄድባችሁም» ይላቸዋል።

እኛም ከጉለሌ የኪራይ ቤት ወጥተን ቡራዩ ላይ ሁለት ክፍል የሠራን ጊዜ የጠራነው እሱን ነው። እሱ ጣሪያው ላይ፣ እኔ መስኮቱ ጋ፣ ባለቤቴ ሰብለወርቅ ቴሌቪዥኑ ፊት።

«መጣ?» ይላል ዋቆ ከላይ።

«መጣ?» እላለሁ እኔ ወደ ውስጥ።

«አልመጣም» ትላለች ሰብለወርቅ።

«አሁንስ?»

«መጣ… ኧረ ሄደ።»

እንዲህ ስንባባል ቆይተን ድንገት ዝም አለች። ገብቼ ሳይ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። መስኮት በሚመስል ክብ ነገር ውስጥ ምድር ሰማያዊ ሆና ቀስ እያለች ትዞራለች። ሰብለወርቅ አማተበች። እኔም አማተብኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ከዋክብትና ስለ ጠፈርተኞች የተጻፈ፣ በአማርኛ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬያለሁ፤ ባነበብኩ ቁጥርም ፈጣሪን የማመሰግንበት ነገር ይበዛልኛል እንጂ አይጎድልብኝም። ዋቆም ሥራ ሲፈታ እየመጣ ያነበብኩትን ይጠይቀኛል፤ ያየውን ይነግረኛል። እንዲህ ሆነን ወዳጅ ሆንን።

ዋቆ የሱሉልታ ልጅ ነው። አባቱ ኦቦ ዳዲ በዚያ ሜዳ የታወቁ ገበሬ ነበሩ፤ በተለይ በድርቆሻቸው። የእሳቸው ክምር ዝናብ አያስገባም ይባል ነበር። ዋቆ የበኩር ልጅ ስለሆነ ሞፈሩን የሚረከበው እሱ ነበር። የእሱ ልብ ግን ወደ ሬዲዮ ሄደ። የአባቱን ሬዲዮ ፈታትቶ ገጠመ፤ የጎረቤትም እንዲሁ። አንድ የሰኔ ቀን፣ ዘር በሚዘራበት ወቅት፣ በሬዎቹን ከነቀንበራቸው ማሳው ላይ ትቶ በወተት መኪና አዲስ አበባ ገባ። መርካቶ የሬዲዮ ጥገና ቤት ተቀጠረ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ወደ ዲሽ አደገ። ቡራዩ ቤት ሠርቶ፣ አግብቶ፣ ወለደ።

ኦቦ ዳዲ አልረገሙትም። ቤታቸውም እንዳይገባ አልከለከሉትም። ነገር ግን በእነሱ ቤት በየዓመቱ በመስቀል፣ ልጅ ሁሉ በዕድሜው ተራ አባት ፊት መዳፉን ይዘረጋል። አባት እርጥብ ሣር በመዳፉ ላይ አኑረው ይመርቁታል። ዋቆ ከሄደ ወዲህ ኦቦ ዳዲ እሱ ጋ ሲደርሱ ዘለውት ወደ ታናሹ ይሄዳሉ። ዋቆ በየዓመቱ ይሄዳል፤ በየዓመቱ መዳፉን ይዘረጋል፤ በየዓመቱ ባዶ እጁን ይሰበስባል።

«ታዲያ ለምን ትዘረጋለህ?» ብዬው ነበር አንድ ጊዜ።

«ጋሽ ታመነ፣ ሳህን ካልተዘረጋ ምን ይይዛል?» አለኝ። ሳቀ፤ ነገር ግን ዓይኑ አልሳቀም።

የማስተር ፕላኑ ወሬ የመጣው ይህ ሁሉ ከሆነ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ በአንድ ፕላን ይታቀፋሉ ተባለ፤ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ዱከም። ተማሪው ተነሳ፤ ገበሬው ተነሳ። በእኛ ሰፈር ግማሹ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ግማሹ የቦታው ተወላጅ ስለሆነ ክርክሩ ጣሪያ ላይ ሳይቀር ይወጣ ነበር። ጎረቤታችን ዮኒ መሃል ከተማ ቢሮ የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ወጣት ነው። ዋቆ የእሱን ሳህን ሊያስተካክል የወጣ ዕለት ከታች ሆኖ ይነዘንዘው ጀመር።

«ዋቆ፣ መንገድ ይመጣል፣ ውሃ ይመጣል፤ ምን ያስከፋል?»

«ውሃው ሲመጣ የሚጠጣው ሰው እዚያ ከኖረ አያስከፋም» አለ ዋቆ።

«አንተ ራስህ የጠፈር ሰው ነህ። ከላይ ሲታይ ድንበር የለም ብለው የለ ያንተ ወዳጆች?»

«ብለዋል። እውነት ነው፤ ከላይ ድንበር አይታይም።» ዋቆ መፍቻውን በጥርሱ ያዘና ሳህኑን አስተካከለ። ከዚያ መፍቻውን አወጣ። «የአባቴም ክምር ከላይ አይታይም። የእናቴም መቃብር አይታይም። ፕላኑን የሳሉት ሰዎች ከላይ ነው ያዩት፤ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንድ ቀን ወርደው ሣሩን ቢረግጡት ኖሮ ብዬ ነው።»

«መጣ» አለ ዮኒ፣ ቴሌቪዥኑን እያየ።

«ምኑ?»

«ኳሱ ነዋ።»

እኔ ፖለቲካ አላውቅም፤ ግን ይህን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከሩቅ ማየት ትልቅ ጸጋ ነው፤ ሰው ትንሽነቱን ያውቅበታል። ከሩቅ ብቻ ማየት ግን ሌላውን ሰው ትንሽ ያደርጋል። አገር የሚመራ ሰው ሁለቱንም ዓይን ቢይዝ እላለሁ፤ ተስፋዬም አልተቆረጠም።

ፕላኑ ተሰረዘ ተባለ፤ ሁከቱ ግን አልበረደም። የ2009 ዓ.ም. መስቀል በዚያ መካከል ደረሰ። ዋቆ ሱሉልታ ሄዶ እንደ ልማዱ መዳፉን ዘረጋ፤ እንደ ልማዱም ተዘለለ። በዚያው ሳምንት፣ በእሬቻ በዓል ብዙ ሰው ያለቀበት ሐዘን መጣ። በየቤቱ ልቅሶ ሆነ፤ በሰበታ በኩል ጭስ ታየ ይባል ነበር። ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ከውጭ የሚተላለፉ አንዳንድ ጣቢያዎችን ማየት ተከለከለ፤ የስልክ ኢንተርኔትም ተዘጋ።

የተከለከሉት ጣቢያዎች ነበሩ። ሰፈራችን ግን የተከለከለው ሳህኑ መሰለው። ሰው ሁሉ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ነቀለ። አንዷ በርበሬ አሰጣችበት፤ ሌላዋ ጫጩቶቿን ከደነችበት። ዮኒ ከሁሉ ቀድሞ ነቅሎ አልጋው ሥር ደበቀው።

«ኳስስ?» አለው ዋቆ።

«እንጃ።»

«አልጋው ሥር ገብተህ እያት።»

ዋቆ የራሱን አልነቀለም። «እኔ የማየው ሦስት ሰዎችን ነው፤ እነሱም ምድር ላይ የሉም፤ ማን ይከሰኛል?» ይል ነበር። እውነቱን ነው። በክረምቱ መግቢያ ወደ ጠፈር የወጡ ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት። ክረምቱን በሙሉ፣ እኛ ጭቃና ሐዘን ውስጥ ሳለን፣ ከላይ ይዞሩ ነበር። ዋቆ እንደ ቤተሰብ ተከታትሏቸዋል።

በዚያ ጥቅምት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ዋቆ ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ወረዱ፣ ጋሽ ታመነ» አለኝ። «በሰላም ወረዱ።»

ነጠላዬን ሳላወልቅ ቤቱ ገባሁ። ጣቢያው የጠዋቱን መልሶ መልሶ ያሳያል። እሳት የለበለበው፣ የጠቆረ ክብ ነገር፣ ዳር የሌለው ቢጫ የሣር ሜዳ ላይ ወድቋል። ሰዎች ከበውታል። ከውስጡ አንድ በአንድ እንደ ሕፃን አቅፈው ያወጧቸውና ወንበር ላይ ያስቀምጧቸዋል። መቆም አይችሉም። ብርድ ልብስ ያለብሷቸዋል። እነሱ ፀሐዩን እያዩ ይስቃሉ።

ዋቆ የቴሌቪዥኑን ማያ በጣቱ ነካው። «ይሄ ሱሉልታ አይደለም?»

ሣሩን አየሁት። የጥቅምት ሱሉልታን ይመስላል፤ ያው ቢጫ፣ ያው ነፋስ የሚያስተኛው።

«አባቴ ይሄን ማየት አለበት» አለ። «ዛሬ ነው የሚያሳዩት፤ ነገ ሌላ ነው። ወርቅቱ ደውላ ነበር፤ አባቴ ዘንድሮ ማጭድ አላነሳም። አርባ ጊዜ ብነግረው የማይገባው ነገር ነው፤ ሰው መሬቱን ሳይጠላ ከመሬቱ ለቆ እንደሚሄድ። ይሄን ቢያይ…»

ቃሉን አልጨረሰም። ወርቅቱ ከአባቷ ጋር የምትኖር ታናሽ እኅቱ ናት፤ ትንሽ ቴሌቪዥን አላት፤ ዲሽ ግን ኦቦ ዳዲ አላስገቡም። «ሳህን ወጥ ያለበት ነው» ይላሉ።

ዋቆ ጣሪያ ላይ ካሉት ሳህኖች ትንሹን ከነሪሲቨሩ ፈታነው። ሰብለወርቅ እንዳይጋጭ ብላ በአሮጌ ነጭ አንሶላ ጠቀለለችው። በአስኮ አድርገን አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ የሱሉልታ ታክሲ ያዝን። ሳህኑን ዋቆ ጭኑ ላይ አደረገው። ከጎናችን የተቀመጡ እናት በአክብሮት ጠጋ አሉለት።

«የሰንበቴ ነው፣ ልጄ?» አሉ። በእሑድ ቀን፣ በነጭ የተጠቀለለ ክብ ነገር፤ ሌላ ምን ይሁን?

«የሰንበቴ ነው፣ እማማ» አለ ዋቆ።

«የማን?»

«የሰማይ።»

እናቲቱ «ያድርሳችሁ» አሉና ለሳህኑ እንዲመች ራሳቸውን የበለጠ ሰበሰቡ። እኔ በሰንበት በውሸት ላይ ተባባሪ ሆንኩ ብዬ ላብ አጠመቀኝ።

እንጦጦን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ፍተሻ ነበር። ሁላችንም ወረድን። ወጣት ወታደር አንሶላውን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ሳህኑ አበራ። 

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዲሽ ነው» አለ ዋቆ።

«አሁን? በዚህ ጊዜ? ምን ልታይበት?»

«እኔ አይደለሁም የማየው። አባቴ ናቸው። ከጠፈር የተመለሱ ሰዎች አሉ፤ እነሱን ላሳያቸው ነው።»

ወታደሩ ዓይን ዓይኑን አየው። ዋቆ የሚያሾፍ አይመስልም፤ መቼም መስሎ አያውቅም። ከኋላችን እናቲቱ «ሰንበቴ ነው አላልክም?» አሉ። ሰው ሳቀ። ወታደሩም ሊስቅ ሲል ራሱን ገታ። «ስትመለስ በዚሁ ነው የምታልፈው» አለና አንሶላውን መለሰለት። «የሚከለከል ነገር አይታችሁ እንደሆነ…» ብሎ ተወው።

ኦቦ ዳዲ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ከሳቸው ባሻገር ድርቆሹ በሌላ ሰው እጅ ታጭዶ ተከምሯል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ዳዲ» አልኩ፤ እንዴት ነዎት ማለቴ ነው።

«ነጋ» አሉኝ፤ ሰላም ነው ማለታቸው ነው። «እንኳን መጣህ» ሲሉም በአማርኛ ጨመሩ። ከዚያ የልጃቸውን ሸክም አዩ። «ወጡስ?»

«ወጥ የለውም፣ አባቴ። ባዶ ሳህን ነው። ዛሬ ብቻ ይፍቀዱልኝ፤ ማታ ነቅዬው እሄዳለሁ።»

ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሱ። አልከለከሉትምም።

የቤቱ ጣሪያ ሣር ነው፤ ሰው አይሸከምም። ሳህኑ ከፍታ ይፈልጋል፤ በዙሪያው ደግሞ ባሕር ዛፍ አለ። ዋቆ አካባቢውን ቃኝቶ አንድ ቦታ ብቻ አገኘ፤ የአባቱን ክምር። ወጣበት።

«ክምሬን!» አሉ ኦቦ ዳዲ፤ ከተቀመጡበትም ተነሡ። ወርቅቱ ደግፋ ወደ ውስጥ አስገባቻቸው። እኔ እንደ ልማዴ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«መጣ?» አለ ዋቆ ከክምሩ ላይ።

«መጣ?» አልኩ።

«የፈላ ወተት ነው» አሉ ኦቦ ዳዲ ከውስጥ። ማያው ላይ የሚንተከተከውን ነጭ ነገር ነው።

«አሁንስ?»

«ገነፈለ።»

«ወደ ግራ ነው የሄደው ወደ ቀኝ በላቸው!» ይላል ዋቆ። እሳቸው ደግሞ «ክምሬ ወደየት ነው የሄደው በለው» ይላሉ። ወርቅቱ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።  በመጨረሻ ኦቦ ዳዲ «ሰው መጣ» አሉ።

ዋቆ እየተንሸራተተ ወረደ። ፀጉሩ ድርቆሽ ለብሷል። ገብቶ አባቱ አጠገብ ሳይቀመጥ ቆመ። ይህን ጊዜ በሩ ላይ ጥላ አየን፤ ሚሊሻው ይገዙ ነው፤ ጠመንጃውን አንግቷል። የዚያው ቀበሌ ሰው ስለሆነ ኦቦ ዳዲን እንደ አባት ያያል።

«ኦቦ ዳዲ፣ ከመንገድ ክምርዎ ላይ ዲሽ አየሁ። ሰው እንዲያወራብዎት አልፈልግም። ምንድን ነው የምታዩት?»

«እኔም አላወቅሁትም። ግባና አብረን እንወቀው» አሉት።

ይገዙ ገብቶ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ። ማያው ላይ የጠቆረው ክብ ነገር ተከፍቶ የመጀመሪያውን ሰው እያወጡ ነበር።

«ታመዋል?» አሉ ኦቦ ዳዲ።

«አልታመሙም» አለ ዋቆ። «እግራቸው መቆም ረስቶ ነው። እዚያ ላይ የሚረገጥ መሬት የለም።»

«የት ነው እሱ?»

«ከደመና በላይ። ክረምቱን እዚያ ነው የከረሙት።»

ኦቦ ዳዲ ወደ ማያው ጠጋ አሉ። ዓይናቸው ደክሟል። ሴቲቱን አውጥተው ወንበር ላይ አስቀመጧት። እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥታ ወደ ሣሩ ተንጠለጠለች።

«ይሄ ሣር የታጨደ አይደለም» አሉ። «ጊዜው አልፎበታል።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሲሄዱ አባቶቻቸው መርቀዋቸዋል?»

 ወርቅቱ ወንድሟን አየችው።

«አላውቅም፣ አባቴ» አለ ዋቆ። «ሳይመረቅ የሚሄድም አለ። እሱም ቢሆን መመለሱን አይረሳም።»

ምስሉ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሰማይ፣ ትልቅ ጃንጥላ፣ አቧራ። ኦቦ ዳዲ አሁንም እንደ አዲስ አዩት። ሴቲቱ በድጋሚ ወጥታ ስትስቅ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያን ቀን» አሉ፣ ከማያው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «በሬዎቹን ፀሐይ ላይ አልተውካቸውም። ግራሩ ጥላ ሥር ነበሩ። አፋቸውም እርጥብ ነበር፤ አጠጥተሃቸዋል። ለሰው ሁሉ ከነቀንበራቸው ጥሏቸው ሄደ ብዬ አወራሁ። ጥላውን ለማንም አልተናገርኩም።»

ዋቆ ድርቆሹን ከፀጉሩ ሊያራግፍ እጁን አንሥቶ እዚያው አስቀረው።

«ወርቅቱ» አሉ ኦቦ ዳዲ። «ከምንጩ ዳር እርጥብ ሣር አምጪልኝ። ይሄ የደረቀው አይሆንም።»

ሮጣ ሄዳ ሮጣ መጣች። ዋቆ አባቱ ፊት ተንበርክኮ መዳፉን ዘረጋ፤ በየመስቀሉ እንደሚዘረጋው። ሣሩን መዳፉ ላይ አኖሩ።  በኦሮምኛ መረቁት፤ የእኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ሁሉን አልያዝኩትም። የሄድክበት ይቅና፣ ልጆችህ መሬት አይጡ፣ ሰማዩ ይራቅልህ፣ ሣሩ ይቅረብህ፤ ይህን የመሰለ ነበር። በየመሃሉ ወርቅቱ «ሃ ተኡ» ትላለች፤ አሜን ማለቷ ነው። ይገዙም ኮፍያውን አውልቆ «ሃ ተኡ» አለ። እኔም አልኩ። መጨረሻ ላይ «ነጋን ገሊ» አሉት። ይህንን አውቀዋለሁ፤ በሰላም ወደ ቤትህ ግባ ነው።

ኦቦ ዳዲ በተከታዩ ዓመት ዐረፉ። ዛሬ ቡራዩም ሰበታም ሱሉልታም ሸገር በሚል የአንድ ከተማ ስም ይጠራሉ፤ በዚያ ሜዳም ብዙው ላይ ቤት በቅሏል። ሰው ጠፈሩን በስልኩ ያያል፤ ጣሪያ ላይ «መጣ?» የሚል ድምፅ ቀርቷል። ያ ጊዜ ክፉ ጊዜ ነበር፤ ነፍስ ይማር የምንላቸው ብዙ ናቸው። ሆኖም ሳስበው የሚናፍቀኝ ነገር አለው። ደግ ነገር የሚያድገው በደግ ዘመን ብቻ እንዳልሆነ ያየሁት ያኔ ነው፤ ፈጣሪ ስላሳየኝም አመሰግነዋለሁ።

ያን ዕለት ሲመሽ ዋቆ ሳህኑን ሊነቅል ክምሩ ጋ ሲሄድ አባቱ አስቆሙት። «ተወው። ጎጆ ላይ ጉልላት ይቆም የለ፤ ክምሬም ይኑረው» አሉ። ይገዙ ሰምቶ ጠመንጃውን አንግቶ ወጣ። አንሶላውን ብቻ አጥፈን ይዘን ተመለስን።

ፍተሻው ጋ ያው ወታደር ነበር። ዋቆን ለየው።

«ዲሹስ?»

«አባቴ ወሰዱት።»

«አዩ?»

«አዩ።»

«ምን አሉ?»

ዋቆ ከሱሉልታ ጀምሮ የጨበጠውን እጁን ከፈተ። ሣሩ ገና አልጠወለገም። ወታደሩ የማን አገር ልጅ እንደሆነ አላውቅም፤ ሣሩን አየ፣ የዋቆን ፊት አየ፣ ከዚያ የእጁን መብራት ዝቅ አደረገ።

«በል ግባ» አለው።